ስሜ የተጻፈበት የጂም ደብተር

ፍርድ ቤት ስዘግብ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለጀማሪ ዘጋቢዎች ሁሌም የምደጋግመው አንድ ሕግ አለ፦ የሌላውን ወገን ቃል ሳትሰሙ አንድ መስመር እንዳትጽፉ። አሁን የምነግራችሁ ይህንኑ ሕግ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደጣስኩ ነው። የመጀመሪያውን ጥሰት ያወቅኩት ሁለተኛውን ስፈጽም ነበር።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ ሰንጋ ተራ፣ አንድ ግንባታ በር ላይ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ የውሃ ቦቴ የግራ እግሬን ከቆርቆሮው አጥር ጋር አጣበቀው። የጭን አጥንቴ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ብረት ገባልኝ። ከወራት ክራንች በኋላ ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ "አጥንትህ ገጥሟል፤ የቀረህ ጡንቻው ነው። ጂም ግባ" አለኝ።

"በሃምሳ አራት ዓመቴ?"

"በስልሳ ከመግባት ይሻላል።"

ጂም የገባሁት ለቁመና አልነበረም። አለቃዬ ወይዘሮ ሰብለ ስልክ ደውላ ነገሩን እንደ ልማዷ ሳታለባብስ ነግራኝ ነበር። "መስፍን፣ የሕመም ፈቃድህ የሚያልቀው ያ የሰነድ ክስ በሚቀጠርበት ሐሙስ ነው። ችሎቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ሐሙስ ወጥተህ ከዘገብክ ቦታህ ያንተ ነው። ካልቻልክ ማኅደር ክፍል ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ ወንበርም ምድር ቤትም አለልህ።"

"ሊፍት አለ እኮ።"

"ሰልፉን ረሳኸው? ዳኛ ዘጋቢ አይጠብቅም።"

ልክ ነበረች። ልደታ ችሎት የሚዘግብ ሰው ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው የሚሯሯጥ ነው። ደረጃ መውጣት ካልቻልኩ ከሥራዬ የሚቀረኝ ስሙ ብቻ ነው።

ያ የሰነድ ክስ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው። ተከሳሾቹ ሐሰተኛ የቤት ካርታ በማዘጋጀት የተጠረጠሩ ብዙ ሰዎች ናቸው። ከአደጋው በፊት ሁለት ጊዜ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ደውሎ፣ "ልጆችህን የምትወድ ከሆነ ሌላ ዜና ጻፍ" ብሎኛል። ልጅ የለኝም። ስለዚህ በደንብ አያውቁኝም ብዬ ተጽናናሁ። ቦቴውንም ፖሊስ መርምሮ የሾፌሩ ቸልተኝነት ነው አለ፤ ተቀበልኩ። ማስረጃ የሌለውን ነገር አላምንም። መጠርጠር ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

ጂሙ ከልደታ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ምድር ቤት ነው። አምስት ደረጃ ወርዶ ይገባል፤ አምስት ደረጃ ወጥቶ ይወጣል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የምንገናኘው አራት ነን። አሠልጣኛችን እሌኒ ድሮ ቮሊቦል ተጫዋች የነበረች፣ በሩን አጎንብሳ የምታልፍ ረጅም ሴት ናት። ሐያት በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከወሎ መጥታ ሜክሲኮ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ የከፈተች፣ ከመሰላል ወድቃ ጉልበቷን ያስጠገነች ናት። ሽመልስ አርባ ዓመት የሚጠጋው መካኒክ ነው፤ ክሪክ ከድቶት መኪና ወገቡ ላይ አርፎበት የዳነ፣ ንግግሩ በቁጥር የሆነ ሰው።

በገባሁበት ቀን መሮጫው ማሽን ላይ እግሬ ከዳኝና ተንሸራትቼ ወደቅኩ። ያነሣኝ ሽመልስ ነበር። ብብቴ ሥር ገብቶ እንደ ሞተር ቀስ አድርጎ አነሣኝና፣ "አይዞዎት፣ ጋሽ መስፍን" አለኝ።

አመሰገንኩት። ቤቴ ስደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስሜን ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደግነታቸው በዛብኝ። ሐያት በር ላይ ስታየኝ፣ "እንደምን አደርክ፣ ባለ ብረቱ!" ትላለች። "የኔን ጉልበት በሽቦ ሰፉት፣ ያንተን በብረት በየዱት። ሁለታችንም ሽመልስ ጋራዥ ብንገባ ይረክስልን ነበር።" ክብደት ሳነሣ አንዱ ከኋላዬ ይቆማል። ስወጣ ሌላው አብሮኝ ይወጣል። አንድም ቀን ብቻዬን ቤቴ ደርሼ አላውቅም። ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ "እኔም በዚያ በኩል ነኝ" ይላል።

የእኔ ቤት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። የሐያት ሱቅ ሜክሲኮ፣ የሽመልስ ጋራዥ ሰንጋ ተራ ነው። በዚያ በኩል የሚሄድ ማንም የለም። በሙያዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ያለ ምክንያት መንገዱን የሚያጣምም ሰው እንደሌለ ነው።

ፈቃዴ በሚያልቅበት ሳምንት ሰኞ ዕለት ሽመልስ ሲያደርሰኝ ሆን ብዬ ቀጥታውን ትቼ በቅያሱ ታጠፍኩ። እሱም ታጠፈ።

"ጋራዥህ በየት በኩል ነበር?" አልኩት።

"በዚያ" አለና በአገጩ ወደ ኋላችን አመለከተ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሲዋሽ ቢሆን ኖሮ እፎይ እል ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ይጠየቃል። ዝም የሚለውን ምን ታደርገዋለህ?

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ወይዘሮ ሰብለ ናት፤ ስለ ሐሙስ እያወራን ቤቴ ድረስ ሄድኩ። ስዘጋው ዞር ብዬ አየሁት። ሽመልስ ከእኔ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ አንገቱን ደፍቶ እግር እግሬን እያየ ይከተለኛል።

ማክሰኞ ሐያት ስልኳን ይዛ ስታነሣኝ በመስተዋቱ ውስጥ ያዝኳት። ፊቷን አልነበረም የምታነሣው፤ እኔን ነው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሰዓት እያየሁ።"

"ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ።"

"እሱ የእሌኒ ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜ ይቸኩላል" ብላ ስቃ አለፈችኝ።

በዚያው ዕለት እሌኒ የውሃ ሮቶው ሞልቶ እንደሆነ ልታይ ወደ ላይ ወጣች። ሐያት ልብስ ልትቀይር ገብታለች፤ ሽመልስ ገና አልመጣም። እሌኒ እኔ ስገባ ሁልጊዜ ከካውንተሩ ሥር የምትሸጉጠው ባለ ሰማያዊ ልባስ ደብተር ነበር። ከካውንተሩ ጀርባ ዞሬ ገባሁና ከፈትኩት።

ስሜን በየገጹ አገኘሁት። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ሰኞ፣ ጋሽ መስፍን። 1፡40 ወጣ። አድራሽ ሽ.። በቅያሱ ሄደ። ሁለት ጊዜ ቆመ። ስልክ አወራ፣ አራት ደቂቃ።" ሌላው ገጽ፦ "ዓርብ። አድራሽ ሐ.። ስልክ አላወራም። ሦስት ጊዜ ቆመ።" በየመስመሩ የወጣሁበት ሰዓት፣ የሄድኩበት መንገድ፣ ስልክ ማውራት አለማውራቴ ሰፍሯል። ስለ ክብደት፣ ስለ ስፖርት አንድም ቃል የለም።

ገጾቹን በስልኬ አንሥቼ ደብተሩን ወደ ቦታው መለስኩ። የእሌኒ እግር ደረጃው ላይ ሲሰማ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ውሃ እጠጣ ነበር። ከመውጣቴ በፊት ግን የአባላት መዝገቡ ላይ ስፈርም የሽመልስን ሙሉ ስም እስከ አያት አነበብኩ፦ ሽመልስ ተካ ወልዴ።

በዚያ ቀን ያደረሰችኝ ሐያት ናት። ስለ አንዲት ሙሽራ እናት የማያልቅ ወሬ ነገረችኝ። እኔ አልሰማኋትም፤ ከጀርባችን የሚመጣ መኪና ሁሉ ቦቴ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ በሩን ሁለት ዙር ቆለፍኩ። አልጋዬ ሥር ያለውን የድሮ ጋዜጦቼን ካርቶን ጎትቼ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ለማጠፍ ጊዜ ፈጀብኝ። ፍለጋዬ ቀላል ነበር፤ ከሰነድ ክሱ ተከሳሾች አንዱ የተካ ወልዴ ልጅ ከሆነ ነገሩ አለቀ። አልነበረም። ሁሉንም ስም ሁለት ጊዜ አየሁ።

ስሙን ያገኘሁት ከካርቶኑ ታች ነው። የዘጠኝ ዓመት ጋዜጣ። "የመጋዘን ንብረት በመዝረፍ የተጠረጠረው ሾፌር ተከሰሰ።" ዳዊት ተካ ወልዴ። ከነፎቶው፣ በፊት ገጽ። ከላይ የጸሐፊው ስም አለ። የእኔ።

በአባት ስም ብቻ ሰው አይወነጀልም፤ እስከ አያት ሲገጥም ግን ወንድማማቾች ናቸው። ምክንያቱን አገኘሁት፦ ቂም። ተከሳሾቹ የሚቀጥሩት ሰው ቢፈልጉ እኔን የሚጠላ፣ በየማለዳው የማገኘው፣ ብብቴ ሥር የሚገባ ሰው አለላቸው። ሐሙስ እንዳልደርስ የሚፈልጉ ሰዎች መቼ፣ በየት በኩል እንደምሄድ የሚጻፍበት ደብተር ምን እንደሚያደርግላቸው ማንም አይስተውም። እውነታው ሁሉ እጄ ላይ ነበር። አንድም የተሳሳተ ነገር አልነበረበትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም እስኪሰበሰቡ ጠበቅኩ። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ካውንተሩ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይህ ምንድን ነው?"

እሌኒ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ደብተሬን ከፈቱ?"

"ስሜ ያለበት ደብተር ነው።"

"ስምዎ ያለበት ሁሉ የእርስዎ ነው?"

"ማን ነው የሚያነበው? ለማን ነው የምትሰጡት?"

ሐያት አፏን በእጇ ያዘች። የደነገጠች መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ ነው። "ነግሬሽ ነበር፣ እሌኒ! ጋዜጠኛ ባለበት ቤት ደብተር አይሸጎጥም ብዬሽ ነበር።" ስልኳን አወጣች። "ና፣ ባለ ብረቱ። ይህንን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

ቪዲዮ ነው። አንድ ሸበቶ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ በሌላ እጁ እያብራራ፣ የጂሙን አምስት ደረጃ ይወጣል። የእጅ መደገፊያውን አልነካም። እየተበሳጨ ነው የሚያወራው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እስቲ የትኛው እግርህ ነው የተሰበረው?"

መልሳ አሳየችኝ። ደግማ አሳየችኝ። ከአካሄዱ መለየት አልቻልኩም።

እሌኒ በረጅሙ ተነፈሰች። "አጥንትዎ ድኗል፣ ጋሼ። ጡንቻውም እየመጣ ነው። የሚያነክሱት እግሩን ሲያስቡት ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየው ሽመልስ ነው፤ ስልክ ሲያወሩ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ብንነግርዎት ያስቡበት ነበር፤ ካሰቡበት ደግሞ ያነክሳሉ። ስለዚህ ሳይነገርዎት ተራ ገባን፤ ሰው ለቅሶ ቤት ለማደር ተራ እንደሚገባው። ያደረሰዎት ሰው ያየውን ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በቀጣዩ ጠዋት በዚያ ልክ ነው ክብደት የምጨምርልዎት።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሰው ግን ሌሊቱን የደከመበትን ነገር በቀላሉ አይጥለውም። ከኪሴ የታጠፈውን ጋዜጣ አውጥቼ ሽመልስ ፊት ዘረጋሁ።

"ይህስ? ወንድምህ አይደለም?"

ሽመልስ ጋዜጣውን አልነካውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የእጁን መጠቅለያ ጨርቅ እየፈታ ነበር፤ ፈትቶ ጨረሰና ጠቀለለው።

"ነው" አለ። "ታናሼ ነው።"

"ታዲያ ቂም የለህም?"

"እንዴት አይኖረኝም?" ቀና አለ። "እውነቱን ልንገርዎት። የገቡ ቀን ስምዎን መዝገቡ ላይ አነበብኩ። ከማሽኑ ሲንሸራተቱ ከሁሉም ቀድሜ ያየሁዎት እኔ ነበርኩ። ቆምኩ። ሦስት አራት ሰከንድ ይሆናል፤ ይውደቅ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ መጣሁ።"

ሐያት መሳቋን አቁማለች።

"ሰንጋ ተራን ትቼ በእርስዎ መንገድ የምሄደው ለዚያች ለቆምኩባት ቅጽበት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዳዊት በነፃ ተሰናበተ፣ ጋሼ። ከመጀመሪያውም እሱ አልነበረም። የተከሰሰበትን ጻፉ። ነፃ የወጣበትን ግን አልጻፉም። ሰፈር ውስጥ የተነበበው አንዱ ብቻ ነው። አሁን አዳማ ይሠራል፤ ልደታን አይረግጥም።"

ጋዜጣዬን አጥፌ ወጣሁ። ያን ቀን ማንም አላደረሰኝም፤ መንገዱን ሁሉ አነከስኩ።

ቤት እንደገባሁ የዘጠኝ ዓመቱን ማስታወሻ ደብተሬን ፈለግኩ። ማስታወሻዎቼን አልጥልም። ዳዊት ተካ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ "ለፍርድ ተቀጠረ"፣ ቀኑ፣ "አራተኛ ፎቅ" ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። በዚያው ቀን ያለውን ገጽ ገለጥኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ባለሥልጣን ጉዳይ ነበር፤ እዚያ ሄጃለሁ። በእኔና በዳዊት ፍርድ መካከል አንድ ፎቅ ብቻ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ሁለቱም እግሮቼ ደህና ነበሩ።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስደርስ የሊፍቱ ሰልፍ እስከ ግቢው ወጥቷል። ደረጃውን ጀመርኩ። አንደኛውን ፎቅ መደገፊያውን ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ግን እግሬ አልነሣ አለ። ሕመም አልነበረም። ከላይ ባለጉዳይ እየተግተለተለ ይወርዳል፣ ፋይል ያቀፉ ጠበቆች በትከሻቸው ይገፉኛል፤ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። አንድ ፖሊስ፣ "አባባ፣ ሊፍቱ በታች ነው" አለኝ። ማኅደር ክፍሉ ከነወንበሩ ታየኝ። ለመውረድ ዞርኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሽመልስ ነው።

"የት ደረሱ?"

"ሁለተኛ ፎቅ። ልወርድ ነው።"

ከኋላው መዶሻ ይሰማል። "እንግዲያው ይጠይቁኝ።"

"ምኑን?"

"ያኔ ያልጠየቁኝን።"

ምን እያደረገ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝም ጠየቅኩት። ሰው ቃሉን ሲሰጥ አለመስማት አልችልም፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

"ዘረፋው በተፈጸመበት ቀን ወንድምህ የት ነበር?"

"አዳማ። ጭነት ይዞ።"

"በምን ተረጋገጠ?"

"የጭነቱን ወረቀት የፈረመችው ሴት መጥታ መሰከረች። ከአዳማ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ተላልፎ ነበር።"

"ስሟን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። አሁን ሚስቱ ናት።"

ሳልፈልግ ሳቅኩ። "ፍርዱ ስንት ሰዓት ላይ ተነበበ?"

"አራት ተኩል ይሆናል።"

"ችሎት ውስጥ ማን ነበር?"

"እኔና እናቴ።" መዶሻው ቆመ፤ ከጋራዡ ወጥቶ መሆን አለበት። "እናቴ ፍርዱ እየተነበበ ዳኛውን አታይም፤ ወደ ኋላ ዞራ ወንበሮቹን ታያለች። 'እማዬ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?' አልኳት። 'ያ የሚጽፈው ሰውዬ የለም እንዴ?' አለችኝ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። እሱም መልስ አልጠበቀም።

"ጋሼ፣ አሁን የት ደረሱ?"

ቀና ስል የማውቀው የአራተኛ ፎቅ የእንጨት በር ፊቴ ነበር። የችሎቱ አስተናጋጅ በጣቱ ስልኩን ዝጋ ይለኛል።

"በሩ ላይ" አልኩት።

"ይግቡ እንግዲህ" ብሎ ዘጋው።

የሰነድ ክሱ ዐቃቤ ሕግ ምስክር ስላላሟላ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀም። አራት ፎቅ ወጥቼ አንዲት አንቀጽ ዜና ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ የዘጠኝ ዓመቱን ቁጥር ሰጠሁና የውሳኔውን ግልባጭ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ሰብለ ስለ ዳዊት ነፃ መውጣት የጻፍኩትን ስታይ መነጽሯን አወለቀች።

"ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነገር ዜና ነው?"

"ለሚያነበው ሰው እስካሁን አልተነገረም። ስለዚህ ዜና ነው።"

አሥራ አንድ መስመር ሰጠችኝ፣ በውስጥ ገጽ። የፊት ገጽ ብዬ ተከራከርኩ፤ አላሸነፍኩም።

እናንተ አንባቢዎቼ "ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን ተማረ" እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተማርኩም። የሚያደርሰኝ ሰው ጋራዡ በየት በኩል እንደሆነ ዛሬም እጠይቃለሁ። ዛቻውን የደወለው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ በሬንም ሁለት ዙር እቆልፋለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ያ ማክሰኞ የሰበሰብኩት ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ ሰዓቱ፣ መንገዱ፣ የሐያት ስልክ፣ ስሙ እስከ አያት። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እሱንም የምጠይቀው ሰው በየማለዳው ከኋላዬ ቆሞ ክብደቴን ይጠብቅልኝ ነበር። አሁን በማስታወሻዬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ክስ የጻፍኩባቸውን ሰዎች ስም እመዘግባለሁ። ፍርዱን ሳልጽፍ አንዱንም አልሰርዝም። ገጹ ረጅም ነው። እናንተም ስለ አንድ ሰው መከሰስ አንብባችሁ ከሆነ፣ መጨረሻውን አንብባችሁ እንደሆነ እስቲ አስታውሱ።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ጂም ስገባ ሽመልስ ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። አላወጣውም። ከኋላዬ ቆሞ ክብደቱን እስካነሣ ጠበቀኝ።

"ዳዊት አነበበው?" አልኩት ትንፋሼ እንደተቆራረጠ።

"አነበበው።"

"ምን አለ?"

ሽመልስ ብረቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ማስቀመጫው መለሰው።

"'የፍርዱን ቀን በትክክል ጽፎታል' አለ።"